አረፈች ብዬ ጻፍኩልሽ

ጥቅምት 12

ይድረስ ለእትዬ፣ ለአክስቴ ልጅ፤

ለጤናሽ እንዴት ከርመሻል? ያለሽበት አገር ብርዱ እንደማይጎዳሽ፣ ዘፈንሽም እንደሚቀናሽ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንድ ሰውዬ አነሳና ‹‹ማን ልበል?›› አለኝ። ማን እንደሚልልኝ ሳስብ ድምፄ ጠፋና ዘጋሁት። ከሰው ጋር ማውራት እንደማይሆንልኝ ታውቂያለሽ። ወረቀት ግን ዓይን ዓይኔን አያየኝም፤ ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል። ስምንተኛን ጨርሼ ስላቆምኩ ፊደል ብስት አትሳቂብኝ።

ማንም አዝዞኝ አይደለም። እናትሽ ናትና ልትሰሚ ይገባል ብዬ ነው። አክስቴ ባለፈው ዓርብ አረፈች። ከክረምቱ ጀምሮ እግሯ አብጦ ስታቃስት እሰማት ነበር። እስከ መጨረሻዋ ቀን ግን ካውያውን ከእጇ አልጣለችም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ ጉልበቷ ከዳትና ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላ ወደ ጠረጴዛው አልተመለሰችም። ማታ የልብስ ንጽህና ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ ቤታችን መጡ። ባለቤቱ ሳይቀር መጥቶ ስለ ደግነቷና ስለ ታታሪነቷ ተናገረ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ ግን አላለቀስኩም። እንደዚያ ስትሰቃይ ከማያት አረፈች ብዬ ደስ አለኝ። ክፉ አትበይኝ።

የእሷን ቦታ እኔ ይዣለሁ። ጠረጴዛው በእሷ ቁመት ልክ የተሠራ ስለሆነ ከእግሬ ስር ሳጥን አድርጌ ነው የምተኩሰው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። በወርቃማ ቁራጭ ልብስ የጨፈርሽበት ክሊፕ ሲወጣ ‹‹ያቺን ልጅ አላውቃትም›› ማለቷን ሰው ነግሮሻል። ከዚያ ወዲህ አንቺም ደውለሽ አታውቂም፤ እሷም ስምሽን አንስታ አታውቅም። የሁለታችሁ ጉዳይ ነው። ግን ከልቧ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ስትተኩስ ዘፈንሽን ስታንጎራጉር ሰምቻታለሁ።

በቸር ያቆይሽ።

የእናትሽ የወንድም ልጅ፣ አንቺ ‹‹አይጧ›› የምትዪኝ


ታኅሣሥ 3

ለአይጥዬ፤

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይጥፋ። ደብዳቤሽ ብዙ ዘግይቶ ደረሰኝ። ከከተማ ከተማ ስንዞር ማናጀሬ ሻንጣ ውስጥ ከትቶት ረስቶታል። ባለፈው ሳምንት ነው የሰጠኝ።

ምን እንደምጽፍልሽ አላውቅም። አረፈች ማለትሽ ልክ ነው። ዕድሜ ልኳን የሰው ልብስ ስታቃና የራሷ ጀርባ ጎበጠ። ከእንግዲህ ማንም ‹‹ቶሎ በይ›› አይላትም። ደስ አለኝ ስላልሽ አልቀየምሽም።

መምጣት አልችልም። ውል አለብኝ። ብመጣስ ምን እፈይዳለሁ? ያለፈው አልፏል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ፎቶዋን ላኪልኝ። ወጣት ሳለች የተነሳችውን፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ በር ላይ የቆመችበትን። ሌላ ምንም አልፈልግም። ፖስታው ስም ሳይጻፍበት በማናጀሬ አድራሻ ይምጣ።

በካውያው አትቃጠዪ።

እትዬሽ


መጋቢት 8

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ፤

ጤናሽን አልጠይቅም። በደንብ መብላትሽን፣ መጠጣትሽን፣ ቆዳሽም መጥራቱን በስልክ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ይህን አንብቢ፦ እናትሽ አልሞተችም። ይህን ስጽፍ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ነው። አሁን ራሱ ‹‹መብራቱን ቀንሺው፣ ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ›› ብላኛለች።

ያንን ፎቶ የላከችልሽ እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት። ‹‹ፎቶሽን ጠየቀች›› ስላት ካውያ ያረፈባት ያህል ብድግ አለች። ‹‹የኔን? ራሷ ናት የጠየቀችው?›› ብላ ደጋግማ አስነገረችኝ። አንድ ያላትን ፎቶ ከግድግዳው አወረደች፣ መስታወቱን አወጣች፣ ለመጠቅለያ አዲስ መሀረብ ተኮሰችለት። ‹‹አልረሳችኝም›› አለች። ደብዳቤ ልጻፍ ወይ ስላት ‹‹ተይ፣ ፎቶው ይበቃል፤ ስታየው እሷው ትደውላለች›› አለችኝ። ያን ቀን እኔም ወደድኩሽ።

ትናንት ከኔ ጋር የምትሠራው አጣቢዋ፣ ፊሽካ የምንላት፣ ስልኳን ይዛ ከእንፋሎቱ ክፍል እየሮጠች መጣች።

‹‹አይጥ! ነይ እስኪ፣ ይቺ የናንተዋ ዘፋኝ አይደለችም?››

‹‹ምን ሆናለች?››

‹‹እናቷ ሞታባት።››

‹‹የማን እናት?››

‹‹እኔ ምን አውቄ! እናቷ አንቺ ቤት ያለችው አይደለችም እንዴ? ጠዋት እኮ በደጃችሁ ሳልፍ ‹ሳሙና አታብዢ› ብላ ተቆጥታኝ ነው የመጣሁት!››

አየሁት። ዝናብ ይዘንባል። ጥቁር ለብሰሽ በባዶ እግርሽ ጭቃው ውስጥ ትሄጃለሽ። ጃንጥላ የያዙ ሴቶች ከኋላሽ በሰልፍ ይከተሉሻል፤ ሁሉም ወጣቶች፣ ሁሉም ቆንጆዎች ናቸው። የሬሳ ሳጥን አለ። ከሳጥኑ ላይ በቆመው ፎቶ አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ትስቃለች። ካሜራው ፊትሽ ድረስ ይመጣል፤ እንባሽ ዓይንሽ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃል፤ ከበሮው ሲመታ ይወርዳል። የሰለጠነ እንባ ነው። መጨረሻ ላይ ‹‹ብቻዋን ላሳደገችኝ፣ ብቻዬን ለተወችኝ›› የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ፊሽካ ክሊፑን ከመጀመሪያው እንደገና ከፈተችውና ‹‹የሞኝ ለቅሶ መልሶ መልሶ አሉ›› አለች። እኔ አልሳቅሁም።

ማታ ደግሞ የባሰ መጣ። የፀጉር አስተካካዩ ሚስት፣ ጎረቤታችን፣ ልጇ ዘንድ ከርማ መመለሷ ነበር። በሩን ሳታንኳኳ ደረቷን እየመታች ገባች። ‹‹ጎረቤቴን! እህቴን! ሳልሰናበትሽ!›› ትላለች። ከጓዳ የወጣችው አክስቴ ናት።

‹‹ምነው? ምን ሆንሽ? ማን ሞተብሽ?››

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። ‹‹ማንም… ቤት ተሳስቼ ነው።››

‹‹ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቴ ሆነሽ ቤት ትሳሳቻለሽ?››

አክስቴ ሐዘን ያናወዛት መሰላት። አስቀመጠቻት፣ ውሃ ሰጠቻት፣ አቅፋት አብራት አለቀሰች። ያለቀሰችው ለራሷ መሆኑን አላወቀችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል፣ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። በተቀመጠችበት ሰው እየመጣ እንዳያለቅስባት ከነገ ጀምሮ በሩን ቆልፌ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

ለምን በቁሟ እንደቀበርሻት አልጠይቅሽም። ሳታየው አውርጂው። ሌላ የምለው የለኝም።

የወንድሟ ልጅ


መጋቢት 19

አንቺ ልጅ፤

ሰላም ልበልሽ? እሺ፣ ሰላም።

የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ከሻንጣዬ አወጣሁት፤ አሁን ፊቴ ነው። ‹‹አክስቴ ባለፈው ዓርብ አረፈች።›› የማን ጽሑፍ ነው? አረፈች! ሰው ምን ብሎ እንዲረዳሽ ነው? ሥራ አቆመች አይባልም? ጡረታ ወጣች አይባልም? እግሯ አበጠ፣ እስከ መጨረሻዋ ቀን፣ ባለቤቱ ስለ ደግነቷ ተናገረ፣ ሴቶቹ አለቀሱ! ከሥራ የምትል አንዲት ቃል ብትጨምሪ ብዕርሽ ያልቅ ነበር? እናቴን የገደልሽው አንቺ ነሽ። እኔ የቀበርኩት አንቺ የገደልሽውን ነው።

አሁን ስለ እንባዬ ልንገርሽ፤ የሰለጠነ ብለሻላ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት መቀባቢያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ወርቃማውን ልብስ ለብሼ ለሌላ ክሊፕ ስዘጋጅ። ኩሌ ጉንጬ ላይ ፈሰሰ። የምትቀባባኝ ሴት ልትጠርግልኝ ስትል ማናጀሬ ‹‹አትንኪው! እንዳለ ይሁን!›› ብሎ ጮኸና ካሜራማኑን ጠራ። እኔ እናቴን አለቅሳለሁ፤ እነሱ መብራት ያስተካክላሉ። ‹‹ፊትሽን ትንሽ ወደ ግራ›› አለኝ። አዞርኩ። ምን ላድርግ? ዞር በይ ሲሉኝ መዞር ለምጃለሁ። ያቺ ከበሮው ጋ የምትወርደው እንባ የዚያን ቀኗ ናት። ከዚያ ወዲህ ያሉት በሙሉ የዓይን ጠብታ ናቸው፤ ያቺ ግን የእውነት ናት። እሷ ላይ ልታላግጪ መብት የለሽም።

በማግስቱ ማናጀሬ አስቀምጦ ነገረኝ። ‹‹እስካሁን የሸጥሽው ጭን ነው። ጭን ያለው ሞልቷል። ሐዘን ያለው ግን የለም›› አለኝ። ወርቃማዎቹን ልብሶች በካርቶን ሰብስበው ወሰዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥቁር ብቻ ነው የምለብሰው። ፎቶ ስነሳ ጥርሴ አይታይም። ምግብ ቤት ውስጥ ስስቅ ሰው ቢቀርጸኝ ውሌ ይፈርሳል። ጋዜጠኛ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ወደ መሬት አያለሁ፣ ከዚያ ነው የምመልሰው። ካሜራ ከታች እንጂ ከላይ አያነሳኝም። በወርቃማው ልብስ ሳለሁ ሰው ያየኝ ነበር፤ አሁን ይወደኛል። እናቶቻቸው የሞቱባቸው ልጆች ከየአገሩ ይጽፉልኛል። ‹‹አንቺን ሰምቼ ራሴን ከማጥፋት ዳንኩ›› ያለችኝ አለች። ለእሷ ምን ልበላት? አይጧ ፊደል ተሳስታ ነው?

ክሊፑ አይወርድም። ብፈልግም የኔ አይደለም፣ የኩባንያው ነው። ስለዚህ የሚደረገውን ስሚኝ። እናቴ ሰው ፊት አትውጣ። ጋዜጠኛ ቢመጣ እህቷ ነኝ ትበል፤ የሟቿ ታናሽ እህት። መልካቸው ቢመሳሰል ማንም አይገርመውም። የምትፈልጉት ካለ በማናጀሬ በኩል ጻፉ፤ የተሻለ ሐኪም፣ የተሻለ ቤት፣ ራቅ ያለ ሰፈር።

በሕይወት መኖሯ ደስ አላለኝም ብለሽ እንዳታስቢ።

እትዬሽ


ሚያዝያ 6

ለዘፋኟ፤

አረፈች ብዬ ጻፍኩልሽ። አዎ፣ ጻፍኩ። በኛ ቤት ቃሉ ለሥራ ነው፤ አክስቴ ከካውያው አጠገብ ቁጭ ባለች ቁጥር ‹‹ልረፍ›› ትላለች። ሌላ ትርጉም እንዳለው ሳላውቅ ቀርቼ ሳይሆን፣ ሰው ስለገዛ እናቱ ያንኛውን ትርጉም አስቀድሞ ይመርጣል ብዬ ስላላሰብኩ ነው።

ደግሞም እናቱ የሞተችበት ሰው ይጠይቃል። የት ተቀበረች ይላል፣ ማን አጠገቧ ነበር ይላል፣ ምን ተናግራ ሞተች ይላል። አንቺ ፎቶ ላኪልኝ አልሽ። ያቺን ደብዳቤሽን አሁን ሳነባት ከሐዘን የተጻፈች ናት ለማለት ሞከርኩ። ‹‹ፖስታው ስም ሳይጻፍበት ይምጣ›› የሚለው ላይ ስደርስ አልቻልኩም።

አክስቴ አይታዋለች። ያቺው የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ነገሩ ሲከነክናት የልጇን ስልክ ይዛ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች። በሩን ሳልቆልፍ የሄድኩበት ቀን ነው፤ ከሥራ ስመለስ ሁለቱ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ስልኩ አክስቴ ጉልበት ላይ ነው። ክሊፑን እስኪያልቅ አየችው። ከዚያ እንዲህ አለች፦

‹‹ምነው በባዶ እግሯ አስኬዷት? ጉንፋን አይለቃትም እኮ እሷ።››

ጎረቤታችን ያን ስትሰማ ተነስታ ወጣች። እኔ ግን ደብዳቤሽን አነበብኩላት። ሁሉንም። ልደብቃት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መደበቅ ያንቺ ሥራ ነው፤ ለምን እረዳሻለሁ?

ስለ እንባው ስደርስ አስቆመችኝ። ‹‹የእውነት ናት አለች?››

‹‹እንደዚያ ትላለች።››

‹‹ታዲያ በዚያው እንባዋ ስልክ አትመታም ነበር?››

እህቷ ነኝ ትበል ያልሽው ጋ ስደርስ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ መሳቋ ነው። ‹‹ታናሽ እህት! ደግ ናት፣ ዕድሜ ቀነሰችልኝ። ራሴን ቀብሬ፣ ለራሴ ለቅሶ ተቀምጬ፣ የገዛ ልጄ አክስት ልሁን?›› አለች። ከዚያ ሳቋ የት ላይ እንደተቆረጠ አላየሁም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ፎቶው ተሰቅሎበት ወደነበረው።

በማግስቱ መልእክት ሰጠችኝ። በራሷ ቃል ነው የምጽፈው፤ አንዲት ቃል እንዳትጎድልብኝ ሁለቴ አስነግሬያታለሁ፤ ፊደል መሳት ለምን እንደሚያበቃ አስተምረሽኛልና። ‹‹ክሊፑን ታውርድ አልልም። ቤትም ሐኪምም አልጠየቅሁም። ጋዜጠኛ ቢመጣም በሬን አልከፍትም። አንዴ ትደውልና እማ ትበለኝ። ሌላ ምንም አትበል። ከዚያ እሷ ለዓለም የምትለውን ትበል።››

ቁጥሯ ያው ነው፣ አልተቀየረም። ስልኳን አሁን ከሽርጧ ኪስ አታወጣም። ሲደወልላት እጇን በሽርጧ ትጠርግና ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፤ ከዚያ የመብራት ኃይሉ ሰውዬ ይሆናል።

ደውዪ።

የወንድሟ ልጅ


ሰኔ 2

አይጥ፤

ሰላም ለቤታችሁ።

አልደወልኩም። ስልኬ የኔ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ሰው ይከፍተዋል፤ የተናገርኩት ሁሉ በነገታው የሰው ጆሮ ውስጥ ነው። ይህ ለአንቺ ሰበብ ይመስልሻል። ያንቺ ስልክ ማን ይሰማዋል? ማንም። ታድለሽ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ቅር ይበልሽ። አንቺ እኔን የምትጠዪኝ ስለ እናቴ አይደለም። ልጅ ሆነሽ ከካውያው ጠረጴዛ ስር ተደብቀሽ ስዘፍን ታዪኝ ነበር። እንግዳ መጥቶ ‹‹አንቺስ ዝፈኚ›› ሲልሽ ልብስሽ ላይ ትሸኚ ነበር ማለት ይቀላል። አሁን ወረቀት አግኝተሽ ጀግና ሆነሻል። አፍሽ የማይለውን ብዕርሽ ይለዋል። እኔ ግን ሰው ፊት ቆሜ ነው የምኖረው፤ ሰው ፊት የቆመ ደግሞ ፊቱን ራሱ አይመርጥም። ይህን ከጠረጴዛ ስር ሆነሽ አታውቂውም።

ሰኔ 20 ከተማችሁ ላይ ትልቅ ዝግጅት አለኝ፤ ፖስተሩን አይተሽው ይሆናል። እናቴን በዚያው ቀን ማግኘት እችላለሁ። ጨርሼ ሆቴል እንደገባሁ ረዳቴ በኩሽናው በር ያስገባችኋል። እናቴ ጥቁር መነጽር ታድርግ፣ ፀጉሯን ትሸፍን፣ ስልክ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈቀድልኝም። እማ እንድላት ከፈለገች በዚያ እላታለሁ።

ለጋዜጠኛ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ የኩባንያው ጠበቃ ያናግርሻል። ያኔ በወረቀት አትመልሺለትም።

እግሯ እንዴት ነው? ሐኪሙ ምን አለ? ንገሪያት… ተይው፣ እኔው እነግራታለሁ።

እትዬሽ


ሰኔ 22

ለአክስቴ ልጅ፤

ረዳትሽ ኩሽናው በር ላይ ብዙ ጠብቃን ከሆነ ይቅርታ ንገሪልን።

ደብዳቤሽን ሳነብላት መነጽር ያልሽውን ሁለቴ አስደገመችኝ። ‹‹ዓይኔን ልሸፍን? ታዲያ በምን ልያት?›› አለች። ቀጥላ ‹‹የገዛ ልጄን እንደ ሰረቀ ሰው በጓሮ አልገናኝም። ሌላው ሰው በሚገባበት በር ገብቼ አያታለሁ›› ብላ ፊሽካን ትኬት አስቆረጠቻት። በዚያ እግሯ ለራሷ ስትተኩስ አመሸች፤ ያቺን ሰማያዊ ቀሚስ። እኔ ልተኩስልሽ ስላት ‹‹የዛሬውን ተይልኝ›› አለችኝ።

ሰው እንደ ጉንዳን ነበር። ወንበር የለም፣ ሁሉም ይቆማል። ከፊት ያለው የብረት አጥር ድረስ እየተለማመጠች፣ ‹‹ልጆቼ፣ እግሬ ነው፣ ብረቷን ልደገፍ›› እያለች ደረሰች። ማንም አልከለከላትም። ዙሪያችን በሙሉ በኔ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። ሰማያዊ የለበሰችው እሷ ብቻ ነበረች። ስለዚህ አላየኋችሁም ብለሽ እንዳትጽፊልኝ።

ያ ዘፈን ሲጀምር ሰዉ የስልኩን መብራት አበራ። ከኋላሽ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ቀብሯ ታየ። ፎቶዋ የሕንፃ ያህል ሆነ። አክስቴ አንገቷን ቀና አድርጋ ራሷን አየች። ‹‹ወጣት ነበርኩ›› አለችኝ በጆሮዬ። ያቺ እንባ ወረደች፤ ከበሮው ሲመታ ሰዉ አብሮ ጮኸ። እኔም እጄን ወደ አክስቴ ልሰድ ስል አንቺ ከመድረክ ወረድሽ።

በአጥሩ ጥግ ጥግ እየዘፈንሽ፣ የተዘረጋውን እጅ እየነካሽ መጣሽ። ካሜራማኑ ወደ ኋላ እየሄደ ከፊትሽ ነበር። ስትቀርቢ ፊትሽን አየሁት፤ እሷን ስታዪ። አወቅሻት። አፍሽ ላይ የነበረው ቃል ተቆረጠ፤ ሙዚቃው ግን ያንቺው ድምፅ ተቀድቶበት ነበርና ያላንቺ ቀጠለ። ሰዉ አላስተዋለም፤ እኔ ግን አፍሽ ክፍት ሆኖ ቃል ሳይወጣው አየሁ። አክስቴ እጇን በአጥሩ ላይ ዘረጋች። ሌሎቹ ስምሽን ሲጮሁ እሷ አፏን ገጥማ እጇን ብቻ ዘረጋች።

እኔ ልጮህ ነበር። ‹‹እናትሽ ናት!›› የሚለው ጉሮሮዬ ድረስ ደርሷል፤ ከጠረጴዛ ስር ላለመሆን ስል ብቻ እንኳ ልጮህ ነበር። አክስቴ በሌላው እጇ ክንዴን ጨመቀችው። ‹‹ተያት፣ ራሷ ትበለው›› ማለቷ መሰለኝ።

እጇን ነካሽ። እንደ ሌሎቹ፣ በጣቶችሽ ጫፍ። ካሜራው ፊትሽ ላይ ነበር። ከዚያ ወደ መሬት አየሽ፣ አልፈሽ የሚቀጥለውን እጅ ነካሽ፤ ‹‹ብቻዬን›› የሚለው ጋ ስትደርሺ ድምፅሽ ተመለሰ።

አክስቴ እጇን ወዲያው አልሰበሰበችውም። ለሚያያት ሰው ገና የምትመጣ ሰው የምትጠብቅ ትመስል ነበር።

ከጎናችን አንዲት ልጅ ነበረች፤ ፊቷ በእንባ ታጥቧል። የአክስቴን ፊት አየችና ክንዷን ያዘቻት። ‹‹እማማ፣ እርስዎም እንደኔ እናትዎን አጥተው ነው?›› አለቻት።

አክስቴ አንቺ የሄድሽበትን እያየች ‹‹የለም፣ ልጄ ናት›› አለቻት።

ልጅቷ ‹‹ወይኔ! ልጅዎን!›› ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። የሞተችባት መስሏታል። እኔ ላስተካክል አፌን ከፈትኩ፤ አክስቴ ግን ጭንቅላቷን ነቅንቃ ከለከለችኝ። የማታውቃትን ልጅ ጀርባ በመዳፏ ትደባብስ ጀመር፤ እኔን በልጅነቴ ስታስተኛኝ እንደምታደርገው።

‹‹ፈጣሪ ያጽናዎት፣ እማማ›› አለቻት ልጅቷ።

‹‹አሜን›› አለች አክስቴ።